የጠፋችው «የ»

«አትንቀጥቀጪ።»

«በርዶኝ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ይብረድሽ፣ ግን አትንቀጥቀጪ። ጠርዙ ይጣመምብኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ያለችው አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለነበር ግማሹ ቃል እዚያው አፏ ውስጥ ቀረ። ልጇ ግን ስፒል የነከሰ አፍ ሲመክራት፣ ሲቆጣትና ሲያባብላት ያደገች ናትና ምንም አላመለጣትም። ዳንቴል ቬሎዋን ለብሳ፣ ትከሻና ክንዷ እንደተራቆተ፣ በርጩማ ላይ ቆማ ጥርሷን ታንገጫግጫለች። ከመስኮቱ ውጭ ውርጭ የግቢውን ሣር አንጥቶታል። ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ ካውያው ሲሰካ ግን ማሞቂያው መነቀል አለበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰኩ የቤቱ መብራት ድርግም ይላል። ዛሬ ደግሞ የካውያው ቀን ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሰርጉ ቅዳሜ። ቬሎው አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው የታች ጠርዙ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስንት ሙሽራ አልብሳ እንደሸኘች እሱ ፈጣሪ ይቁጠረው። የራሷን ልጅ ማልበስ ላይ ስትደርስ ግን አንዱን ስፌት ሦስቴ ፈትታ ሰፍታዋለች። ልጅቷ ከሰርጉ በኋላ ባሏ ወደሚሠራበት ከተማ ትሄዳለች። በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። የምትሠራበትን መድኃኒት ቤት ተሰናብታለች፤ ሻንጣዋም መኝታ ቤቷ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እናት በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«እማዬ፣ ይኼ ነገር አያዛልቅም» አለች ልጅቷ። «ፎቶ የምንነሳው ደጅ ነው። የብርድ ልብስ ያስፈልገኛል።»

ከወዲያኛው ክፍል የአባቷ ድምፅ መጣ። «ምን አለች? ‹የ› አላት?»

«አላት!» አለች እናት፣ ስፒሎቹን ሳታወጣ።

ባልና ሚስት ግድግዳውን በመሃላቸው አድርገው ሳቁ። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ይህን ነገር ስትሰማው ነው ያደገችው። አባቷ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ ክር ሲላክ፣ ለጎረቤት መልእክት ሲያደርስ፣ እናቷ በር ድረስ ተከትላ «‹የ›ዋን አደራ» ትለዋለች። እሱም «አልረሳትም» ይልና ይሄዳል። ልጅቷ የአውቶቡስ ሰዎች አነጋገር ይመስላት ነበር። አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ የአውቶቡስ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

ሰርጉ በብርድ ወር የዋለው በማንም ምርጫ አይደለም፤ ሙሽራው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያገኘው አሁን ስለሆነ ነው። የሙሽራው እህት ግን ነገሩን ገልብጣ እንደ ዕድል ቆጠረችው። እሷ የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑ የተቆረጠ ዕለት «የብርድ ሰርግ የራሱ ውበት አለው፤ ለእኔ ተዉልኝ» ብላ ስልኳን በፎቶ ሞላችው። እስከ አንጓ የሚወርድ እጅጌ፣ ከፈይ፣ ደም የመሰለ አበባ፣ ከቬሎ ሥር ብቅ የሚል ነጭ ቦት ጫማ፣ ትከሻ ላይ የሚጣል ፀጉራም ካባ። ጠዋት ትልካለች፣ ምሳ ላይ ደውላ «አያችሁት?» ትላለች፣ ማታ ሌላ ትጨምራለች። እዚህ ቤት «አማካሪዋ» የሚል ስም የወጣላት መጀመሪያ ለሐሜት ነበር፤ አንድ ቀን ሰምታ «አቤት» ካለች ወዲህ ግን ስሟ ሆኖ ቀረ።

አሁንም በሩ ሲንኳኳ እሷ መሆኗ ታወቀ። ከራሷ የሚበልጡ ሦስት ከረጢቶች ታቅፋ ገባች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ሦስት ካባ አምጥቻለሁ። ሁለቱ ቆንጆ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ራሱ ሰርግ ነው።»

መጀመሪያ ፀጉራሙ ወጣ። ሙሽራዋ ስትለብሰው ከአንገቷ እስከ ወገቧ ጠፋች፤ ፀጉሩም እየተነቀለ ዳንቴሉ ላይ ይራገፍ ጀመር።

«ልጄን የት አደረስሻት?» አለች እናት።

አባት ከውስጥ «ድብ ገባ እንዴ?» አለ።

ሁለተኛው ወይን ጠጅ ከፈይ ነበር። ይኼኛው በእርግጥ ያምራል። ልብስ ሰፊዋ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው፤ ገበሩን ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ እንከን አጣችለት። ከዚያ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«የስንት ሙሽራ ሽቶ ነው ያለበት?»

«ታጥቧል እኮ፣ እትዬ።»

«ታጥቦም ስንት ሆነው እንደለበሱት ይናገራል።»

ሦስተኛውና «ራሱ ሰርግ» የተባለው ብርማ ነበር፤ ሙሽራዋ በተነቃነቀች ቁጥር እንደ ብስኩት ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አማካሪዋ ራሷ ሦስቴ ዞር ዞር ብላ ካየችው በኋላ «ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም» ብላ መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው። ሦስቱም ሳቁ። ሙሽራዋ ግን ሳቋን ቶሎ አቁማ ወደ ግድግዳው በጣቷ አመለከተች።

«እኔ የምፈልገው ያንን ነው። የእማዬን።»

ግድግዳው ላይ የወላጆቿ የሰርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ቀለሙ ደብዝዟል። ደጅ የተነሳ ነው፤ ከሁለቱም አፍ እንፋሎት ሲወጣ ይታያል። ሙሽራው ቀጭን ነው፤ ጆሮው በብርዱ ቀልቷል፤ የሚስቀው ግን ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ነው። ሙሽራዋ ደግሞ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ፣ ወተት የመሰለ፣ ወፍራም ካባ ደርባለች። ትከሻው ልክክ ያለ፣ አንገቱ ክብ፣ ታቹም በሁለቱ ወገን ተጠማዞ የተቆረጠ ነው። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ሳገባ ይህን እለብሳለሁ» ስትል ነው ያደገችው።

«እሱማ የለም። ታውቂያለሽ» አለች እናት፣ ጎንበስ ብላ ጠርዙን እያስተካከለች።

«አውቃለሁ። የአባዬ አክስት ተውሳ ወሰደችው፣ አልመለሰችውም።»

አማካሪዋ «ምነው ታዲያ አትጠይቋትም?» አለች።

«ሞታለች» አለች ሙሽራዋ። «በለቅሶዋ ቀን ልጅ ነበርኩ። ቁም ሳጥኗን ከፍቼ ስበረብር ያዙኝ።»

ከውስጥ ክፍል ሳል ተሰማ። ሳል አልነበረም፤ አባቷ ሳቁን በሳል እየሸፈነ ነበር። ልብስ ሰፊዋም ጎንበስ እንዳለች ቀረች፤ ፊቷን ማንም አላየውም።

«ልሞት ነው በብርድ። አንዴ አባዬ ጋ ሞቅ ብዬ ልምጣ» ብላ ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች።

አባቷ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ያ የዘወትር ብርድ ልብሱ ጣል ተደርጎለት ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ሳንባውን ካመመው ወዲህ ከዚህ ብርድ ልብስ አይለይም። ከዚያ በፊት የልጅቷ ነበር፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሱን ለብሳ ነው የተኛችው። ላዩ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፉ መስመሮች አሉት። እነዚያ መስመሮች የአባቷ የአውቶቡስ መንገዶች ነበሩ። ማታ ማታ ጣቱን በሰማያዊው ላይ እየነዳ ፌርማታዎቹን ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ ከላይ በኩል ያለችው ግማሽ ክብ ጋ ሲደርስ «የመጨረሻ ፌርማታ፣ ሁሉም ይውረድ» ይላል። እሷ «አልወርድም» ትላለች። እሱም አንድ ዙር ይደግምላታል።

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ ላይ ገፋ አድርጋ አነሳች፤ ትከሻዋ ላይ አጥፋ ሳይሆን ዘርግታ ጣለችው፤ ተጠቅልላም ወደ ስፌቱ ክፍል ተመለሰችና በርጩማው ላይ ወጣች።

«በይ አሁን ስፊ። አልንቀጠቀጥም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻትና የያዘችው ሜትር ከእጇ ወደቀ። አማካሪዋ ደግሞ በሙያዋ ምክንያት ዓይኗ ልብስ ላይ ካረፈ አይነሳም፤ ሙሽራዋን ዞረቻት፣ ጠጋ አለች፣ ሰማያዊውን ስፌት በጣቷ ተከተለችው። ግማሽ ክቧ ማጅራቷ ላይ ነው ያረፈችው። ሁለት ሹል መስመሮች ከአንገቷ ወደ ሁለቱ ትከሻዎቿ ይወርዳሉ።

«እትዬ» አለች። «ብርድ ልብስ ትከሻ አለው እንዴ?»

ሙሽራዋ መስታወቱን አየች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች። ከዚያ እንደገና መስታወቱን። ከታች በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት የተጠማዘዙ ሰማያዊ መስመሮች አሉ፤ የካባው ጠርዝ የተቆረጠበት ቦታ ላይ።

«እማዬ፣ የአባዬ አክስት ምንም አልወሰደችም፣ አይደል?»

«ነፍሷን ይማር» አለች እናት። «ያልወሰደችውን ተሸክማ ሞተች።»

አባት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አሁን ሳሉን ትቶ በግልጽ ሳቀ።

«እኔ ልንገርሽ» አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ያኔ ገና ረዳት ነኝ። ሰርጋችን እንደ አንቺው በብርድ ነው። እናትሽ አውቶቡስ ማደሪያው ደወለች። እኔ መስመር ላይ ነኝ፤ ዘበኛው አነሳው። ‹ለሰርጉ የብርድ ልብስ እንዲገዛልኝ ንገርልኝ› አለችው።»

«ካፖርት ማለቴ ነው» አለች እናት። «ቬሎዬ እጅጌ አልነበረውም። ለዘበኛ ካፖርት ግዛልኝ ማለት አፈርኩ፤ የብርድ ልብስ ብል ይገባዋል አልኩ።»

«ሞተር ይንጫጫል። ዘበኛው አንዲቷን ‹የ› ዋጣት። ስገባ ‹እጮኛህ ለሰርጉ ብርድ ልብስ ግዛ ብላሃለች› አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ጎጆ ልንወጣ ነው፤ ይቺ ልጅ አርቃ ታስባለች ብዬ ኮራሁ። ገበያውን አተራመስኩት። ከዚያ የተሻለ ብርድ ልብስ በከተማው አልነበረም።»

«በዋዜማው ታቅፎት መጣ» አለች ሚስቱ። «ፈታሁት። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው፣ ፎቶው ላይ እንደሚስቀው ይስቃል። ለዚያ ፊት ምን ይባላል?»

«አለቀስሽ?» አለች ልጅቷ።

«ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ቆረጥኩት።»

ለሰርገኛው ከውጭ የመጣ ካባ ነው ተባለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ካሉት በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ልጅቷ ልትወለድ ስትል ብርዱ ጸና። ቤታቸውም በነፋስ የሚበሳ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ካባውን ስታወጣ ከብርድ ልብሱ ላይ የቆረጠቻቸውን አምስት ቁራጮች በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበርና እያንዳንዱን ወደ ቦታው መልሳ ሰፍታ ካባውን ብርድ ልብስ አደረገችው። ነጭ ክር አልቆባት በሰማያዊ ሰፋችው። ጎረቤት «ያ ካባሽስ?» ሲላት፣ መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣችው አገር ቤት ያለችው የባሏ አክስት ነበረች።

ሙሽራዋ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ።

«እማዬ፣ ፍቺልኝ። እዚህ ውስጥ ነው እኮ ያለው።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አባትሽ ይበርደዋል።»

«እኔን?» አለ አባት። «ቁም ሳጥኑ ሙሉ ብርድ ልብስ አይደል እንዴ?»

«አንተ ዝም በል። ጨርቁም አርጅቷል። አንዴ ተቆርጧል፣ አንዴ ተሰፍቷል። እንደገና ቢተረተር መሃል ላይ ቢቀደድስ? ካባም ብርድ ልብስም ሳይሆን ይቅር?»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ከበርጩማው ወረደች፤ ብርድ ልብሱን በአራት አጥፋ የአባቷ ጉልበት ላይ መልሳ አኖረችው።

«እሺ» አለች። «ከፈዩን እለብሳለሁ። እሱም ያምራል።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። እናት ያን «እሺ» ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ራሷ ለእናቷ ስትለው የኖረችው «እሺ» ነው። ሙሽራዋ ቬሎዋን አውልቃ ልብሷን ቀየረችና ከአማካሪዋ ጋር አዳራሹን ሊያዩ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ።

ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ነቅላ ማሞቂያውን ሰካች። ባሏ ወንበሩን ወደ ማሞቂያው አስጠጋ።

«ለምን ከለከልሻት?»

«ነገርኩህ አይደል?»

«እኔን ምክንያት አታድርጊ። ስትተረትሪ ጨርቅ ቀደሽ አታውቂም፤ ለእኔ አትንገሪኝ።»

የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ባዶ እጇን ተመለከተች። ከዚያ ያልተዘጋጀችበት ነገር ከአፏ ወጣ።

«እሷም ትሂድ፣ እሱም ይሂድ? እኔ ምን ይቀረኛል?»

«እኔ አለሁ እኮ።»

«አንተማ አለህ» አለች። እሱ ባይስቅ ኖሮ እንዴት እንዳለችው አይገባትም ነበር። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። መሐረብ ፍለጋ ኪሷን ስትዳብስ እሱ የራሱን አቀበላት።

ከዚያ ጣቱን ሰማያዊው ክር ላይ አሳረፈ። «‹የመጨረሻ ፌርማታ› ስላት ‹አልወርድም› ትለኝ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ስንቴ አዙሬያታለሁ። አሁን እሷ አድጋ ልትወርድ ነው። አልወርድም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛውን አጸዳች፤ ምላጭ አወጣች፤ እጇንም ዘረጋች። ባሏ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ አንሥቶ ሰጣት።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትተረትር ዋለች። በመጀመሪያ የታቹን ማዕዘኖች ፈታች፤ ከዚያ ትከሻውን። የወጣትነቷ ስፌት ነው፤ ጥብቅ፣ የቸኮለ፣ አንዳንድ ቦታ የጠመመ። «ምን ያስቸኩልሽ ነበር?» እያለች የዚያን ጊዜዋን ራሷን ትቆጣለች። የሚያስቸኩላትንም ታስታውሳለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ወገቧን ይቆርጣታል፤ ባሏ ከሥራ ሳይገባ ልትጨርስና ልታስደንቀው ነበር። ከስፌቱ ሥር ተሸሽጎ የኖረው ጨርቅ ሲገለጥ ምላጩን አስቀመጠች። ላዩ በስንት ማጠብ ሳስቶ፣ ቀለሙ አመድ መስሏል። ስፌቱ የሸፈነው ጠርዝ ግን ያኔ ገበያ ላይ እንደነበረው ነው፤ ወፍራም፣ ወተት የመሰለ፣ ጸጉሩ እንኳ ያልተነካ። አፍንጫዋን አስጠጋች። የሽቶም የሳሙናም ሽታ የለውም። ያ ዋዜማ፣ ያ የሚስቅ ፊት፣ ያ ቀዝቃዛ ክፍል ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ናፈቃት። ልጅነቷ ይሁን፣ ልጇ ይሁን፣ ባሏ እንደዚያ ሩጦ የሚመጣበት ዘመን ይሁን የናፈቃት ለይታ ማወቅ አልቻለችም፤ ሁሉም እዚያው ጨርቅ ላይ ነበሩ። የመጨረሻዋን፣ የአንገቱን ግማሽ ክብ ስትፈታ ካባው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣ። አንድም ቦታ አልተቀደደም።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ከእንቅልፏ ስትነሣ ካባው በርጩማው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ምን ትገተሪያለሽ፣ ልበሺና ልየው» አለች እናት። ስፒሎቿን ነክሳለች።

አማካሪዋም በከረጢቷ ብር መልክ ያለው የአንገት መቆለፊያ ይዛ ደረሰች። ካባውን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ዞረችው፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣ ገለበጠችው።

«እትዬ፣ ላዩ በጣም ታጥቧል። ውስጡን ወደ ውጭ ብናደርገውስ? ይኼኛው ፊት ሳይሻል አይቀርም።»

ልብስ ሰፊዋ አየች። አማካሪዋ እውነቷን ነው። ውስጠኛው ፊት ከፀሐይም ከማስጫም ተርፎ ነጣ ብሏል። እንዴት ይህ ሳይታያት ቀረ? ላዩን ላዩን ብቻ ስታይ ነበር የከረመችው።

«አንቺ አማካሪ መባልሽ ለካ በከንቱ አይደለም» አለች። አማካሪዋ የዓመት ቀለቧን ያገኘች ያህል ደስ አላት።

ካባውን ገለበጡት፤ እናት ከቬሎው የተረፈውን ዳንቴል ዙሪያውን በእጇ ሰፋችለት። ሙሽራዋ ቬሎዋን ለብሳ ስትደርበው ሦስቱም መስታወቱን ተመለከቱ። አንቺም ነሽ፣ እኔም ነኝ የሚባል ነገር ነበር መስታወቱ ውስጥ። ማሞቂያው ተነቅሏል፤ ካውያው ተሰክቷል፤ ልጅቷ ግን አልተንቀጠቀጠችም።

«ሞቀኝ» አለች። ዞራ እናቷን ስታቅፋት ስፒል ወጋት፤ ሆኖም አልለቀቀቻትም።

እናት የካባውን አንገት አስተካከለችላት። «ቅዳሜ ሲያበቃ አውልቀሽ ለአባትሽ ትሰጪዋለሽ። ሰኞ መልሼ እሰፋዋለሁ።»

«እሺ፣ እማዬ። ቁራጮቹስ?»

«እኔ ጋ ናቸው» አለች፣ የሽርጥ ኪሷን በእጇ እየነካች። አምስቱም እዚያ ናቸው፤ ትላንት ከፈታቻቸው ጀምሮ ከኪሷ አላወጣቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷና አማካሪዋ ፀጉር ቤት ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ የቬሎው ጠርዝ ላይ የቀረውን ትንሽ ሥራ ልትጨርስ ተነሣች፤ ክር ፍለጋ ወደ ጓዳ ስታልፍ የልጇ መኝታ ቤት ክፍት ነበር። እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ተመልሳ ገባች።

ሻንጣው አልጋው ላይ ነው። ልብሶቹ በሥርዓት ታጥፈዋል፤ ራሷ ያስተማረቻት አስተጣጠፍ ነው። ጎን ላይ አንድ ትንሽ የመድኃኒት ከረጢት አለ፤ ላዩ ላይ በልጅቷ ጽሕፈት «ለብርድ» ይላል። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሽርጥ ኪሷ አምስቱን ቁራጮች አወጣች። ሁለቱ የትከሻ ናቸው፣ ሁለቱ የታች ማዕዘን፣ አንዷ ግማሽ ክብ። አንድ በአንድ አነባበረቻቸው። ወደ ስፌት ክፍሉ ሄዳ አዲስ ሰማያዊ ክር ከነጥቅሉ አመጣች፤ ቁራጮቹን በክሩ ጫፍ አሰረቻቸውና ከልብሶቹ ሥር፣ ከሻንጣው ወለል ላይ አስቀመጠቻቸው። ካባውም ከልጇ ጋር ይሂድ፤ አንድ ቀን ልጅ ይመጣል። ብርድም አይቀርም። ልጇ የት ምን እንደሚገባ ታውቃለች፤ መንገዱን በጣቷ ስትሄድበት ነው ያደገችው።

ባሏ በሩን ተደግፎ ሲያያት ነበር። ምን እንዳደረገች አልጠየቃትም። ተከትሏት ወደ ስፌቱ ክፍል መጣ፤ እሷ ቬሎውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስፒሎቿን ነከሰች። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባዶ ጉልበቱን አሻሸ።

«ታዲያ እኛስ? ብርዱ ገና ነው።»

«ሰኞ ሄደህ ትገዛለህ» አለች።

«ምን ልግዛ?»

እሷም ነገረችው። ስፒሎቹ ግን ቃሉን ከፊት በኩል ዋጡት፤ የወጣው መጨረሻው ብቻ ነበር። እሱ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ።

«‹የ› አላት ወይስ የላትም?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ጆሮው በብርዱ ቀልቷል። ስፒሎቹን አውጥታ አጥርታ ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

«የሰማኸውን ይዘህ ና» አለችውና ካውያውን ለመሰካት ማሞቂያውን ነቀለች።